የቆለፍከው ፊደል

ይድረስ ለወንድም ዓለም፤

እንዴት ከርመሃል? ጤናህ እንዴት ነው? ወገብህን ጠዋት ጠዋት የሚይዝህ ነገር ተሻለህ ወይስ ዛሬም ከአልጋ ስትነሳ ግድግዳ ትደገፋለህ? ምግብ በሰዓቱ ትበላለህ? ቁጣህስ በረደ? ይህን የመጨረሻውን የጠየቅኩህ መልሱን እያወቅኩ ነው። ቢበርድልህማ ስልክህን ታነሳ ነበር።

እኛ ደህና ነን። እማዬም ደህና ናት፤ ዓይኗ ግን አሁን ብርሃንና ጨለማ ከመለየት አያልፍም። መስኮቱ በየት በኩል እንደሆነ ታውቃለች፣ በር ላይ ስቆም ጥላዬን ታያለች፣ የቀረውን በጆሮዋና በእጇ ነው የምትጨርሰው። ሬዲዮኗን ከእቅፏ አታወርድም። ዜና አንባቢውን «አንተ ልጅ፣ ጉንፋን ይዞሃል፤ ትኩስ ነገር ጠጣ» ትለዋለች። ስላንተ ስትጠይቀኝ «ሥራ በዝቶበት ነው» እላታለሁ። «ሥራ የበዛበት ሰው ይደክመውና ቁጭ ይላል። ቁጭ ሲል እናቱ ትዝ አትለውም?» ትለኛለች። እኔ ምን ልበላት? አንተው ና መልስላት።

ይህን የሚያደርስልህ የጎረቤታችን ባል ሹፌሩ ነው። ጭነት ሊያራግፍ አንድ መጋዘን ሲገባ እንዳየህ፣ ሳጥኖች ላይ የሚሄዱበትን ቦታ በብሩሽ ስትጽፍ እንዳገኘህ ነገረኝ። «እንዴት ያለ ጽሕፈት ነው! ሳጥኑን መሬት ላይ ለመጣል እጄ እምቢ አለኝ» አለኝ። መጀመሪያ ሳቅኩ፤ በኋላ ግን ቆጨኝ። ፊደል ሊሥል የተፈጠረ እጅ ሳጥን ላይ ሲውል!

ወንድሜ፣ አረፍ ብለህ አንብበው። ተናድጃለሁ። በማን በማን እንደተናደድኩ በተራ እነግርሃለሁ፤ ከወረፋው ውስጥ አንተም አለህ።

አንተ ከሄድክ በኋላ ሥራ ቤታችንን አልዘጋሁትም። ያው እንደምታውቀው ነው፤ ደረጃው ጠባብ፣ ከታች ቁልፍ ቀራጩ ሲሞርድ ከላይ ጠረጴዛው የሚንቀጠቀጥ። የፈተና ወረቀት፣ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የመድኃኒት ቤት ማስታወቂያ፣ የተገኘውን ሁሉ አቀናብራለሁ። ታዲያ አንድ ቀን አንዲት መምህርት ፈተና ልታስተይብ መጣች። የምታስተምረው ዓይናቸው የደከመ ልጆችን ነው፤ ጨርሶ ያልጠፋ፣ ግን በመነጽርም የማይቃና። እስክጨርስላት ዙሪያውን ስትቃኝ አንተ ለእማዬ የሠራህላትን ገጽ ግድግዳው ላይ አየችው።

መቼም አትረሳውም። እማዬ መርፌ ማስገባት አቅቷት ስፌቷን ስትተው፣ ጋዜጣውን ዘርግታ በጣቷ ብቻ ስትዳብስ፣ አንተ ፊደሉን ከ«ሀ» እስከ «ፐ» እንደገና ሣልክላት። የ«ሸ»ን ሰረዝ ከአናቱ ከፍ አድርገህ አወፈርከው። የ«ቤ»ን ቀለበት አስፍተህ ከፈትከው። የ«ቡ»ን እጅ ከወገቡ ላይ ወደ ጎን ዘረጋኸው። እማዬ የመጀመሪያውን ገጽ ይዛ መስኮቱ ሥር ቁጭ ስትል «ይኼ ፊደል ከእኔ ጋር አይጣላም» አለች፤ አንተ ደግሞ እንባህ እንዳይታይ የተበላሸ ነገር የምታስተካክል መስለህ ፕሪንተሩ ውስጥ ራስህን ቀበርክ።

መምህርቷ ወንበሯን ትታ ግድግዳው ሥር ሄዳ ቆመች። ማን እንደሠራው ጠየቀችኝ። ወንድሜ ነው አልኳት። የት እንዳለህ ስትጠይቀኝ ሄዷል አልኳት። እሷም ገጹን እንደገና አየችና «በዚህ ፊደል አንድ የንባብ መጽሐፍ ብትሠሪልኝ ልጆቼ ከመገመት ያርፋሉ» አለችኝ። አየህ፣ «ያነባሉ» አላለችም። «ከመገመት ያርፋሉ» ነው ያለችው።

ሠራሁት። አጫጭር ታሪኮች ናቸው፤ ብዙዎቹን ራሷ ጽፋቸዋለች፣ አንዳንዶቹን ልጆቹ ነግረዋት ነው። ስክሪኔ ላይ ገጹ ሁሉ የታጠበ መስኮት ይመስል ነበር። ለማተሚያ ቤት ፒዲኤፍ ማድረግ ብቻ ቀረኝ። ኤክስፖርት የሚለውን ተጫንኩ። ፕሮግራሙ ትንሽ አሰበና አንድ ቢጫ ምልክት ይዞ ብቅ አለ፤ ይህ ፎንት በባለቤቱ ስለተከለከለ ከሰነዱ ጋር ሊያያዝ አይችልም ይላል። ከሥሩ «እሺ» የሚል አንድ ቁልፍ ብቻ። እስቲ አስበው፣ «እምቢ» የሚባልበት እንኳ የለውም! ምን ላድርግ፣ እሺ አልኩ።

ፋይሉን በፍላሽ ይዤ ማተሚያ ቤት ራሴ ሄድኩ። የማተሚያ ቤቱን ባለቤት ታውቀዋለህ፣ «አቶ ችግር የለም» ብለህ ስም ያወጣህለት አንተ ነህ። ሳልቀመጥ ነው የነገርኩት። «ፊደሉ ከፋይሉ ጋር ተያይዞ አልመጣም። የእርስዎ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ሌላ ፊደል ይተካበታል። መላ እስካገኝ እንዳይነኩት» አልኩት። «ችግር የለም» አለና ወዲያው ከፈተው። «ይኸውልሽ! ሳጥን የለ፣ የጥያቄ ምልክት የለ፣ ጥርት ያለ ፊደል ነው» አለኝ።

ወንድሜ፣ ሳጥን ቢሆንማ በተሻለኝ ነበር። ባዶ ሳጥን ማንም ያየዋል፣ ማንም ይደነግጣል። ያ ኮምፒውተር ግን ከራሱ ጓዳ ያገኘውን ቀጭን ፊደል አልብሶት ምንም እንዳላደረገ ዝም ብሏል። ሰረዙ አናት ላይ ተለጥፏል፣ ቀለበቱ ተደፍኗል፣ እጁ ተሰብስቧል። ፊቴን አስጠግቼ ሳይ ሰውየው «አፍንጫሽ ስክሪኔን ሊሰብረው ነው» ብሎ ሳቀብኝ። የወንድሜ ፊደል ይህ አይደለም አልኩት። «ፊደል ፊደል ነው፣ እቴ! ልዩነቱ ምኑ ላይ ነው?» አለ። ባንተ ፊደል የታተመ ወረቀት አውጥቼ ጎን ለጎን አሳየሁት። አየ፤ ግን አላየም። ዓይኑ ደህና ነው፣ ችግሩም ይኸው ነው፤ ደህና ዓይን ላለው ሰው ሁለቱም ይነበባሉ። «እሺ፣ እስክትመለሺ አልነካውም፣ ችግር የለም» አለኝና ወጣሁ።

አተመው! ማሽኑ ሥራ ፈቶ ስለነበር አተመው። ጠርዞ፣ በካርቶን አሽጎ፣ ትምህርት ቤቱ ድረስ አድርሶ ሲያበቃ ደወለልኝ። ድምፁን ብትሰማው ውለታ የዋለልኝ ነው የሚመስለው። «ስትጨነቂ ስላየሁ ገላገልኩሽ» አለኝ። ስልኩን ዘግቼ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ፣ ወንበር አጠገቤ እያለ።

መምህርቷ ጠራችኝና ክፍሉ ድረስ ሄድኩ። ዴስኮቹ ሁሉ ከመስኮቱ ሥር ተደርድረዋል፣ ልጆቹ ብርሃን ይሻማሉ። ሁሉም ወረቀቱን በአፍንጫቸው የሚያሸቱ ነው የሚመስሉት። ከመካከላቸው «ጥያቄ» ብለው ቅጽል ስም ያወጡላት አንዲት ልጅ አለች፤ ስሟን ለምን እንዳገኘችው ለማወቅ ሁለት ደቂቃ ይበቃል። እሷ ተነስታ እንድታነብ ተነገራት። «አያትየው ብስክሌታቸውን ለልጅ ልጃቸው ሸጡ» ብላ አነበበች። ቆም አለችና «ቆይ፣ የገዛ ልጅ ልጃቸውን ያስከፍሉታል እንዴ? ምን ዓይነት አያት ናቸው?» አለች። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። መምህርቷ ቀስ ብላ «ሰጡ ነው የሚለው፣ የኔ ልጅ» አለቻት። ልጅቷ ገጹን ሽፋሽፍቷ እስኪነካው አስጠጋችው። ስትፈልግ፣ ስትፈልግ፣ ያ ሰረዝ ይኑር አይኑር ማወቅ አቃታት። ከዚያ መጽሐፉን ከደነችና «ይኼም እንደ ሌሎቹ ነው» ብላ ተቀመጠች። ደግማ አልጠየቀችም።

ያን ቀን ከመምህርቷ ስድብ ጠብቄ ነበር። ኮሪደር ላይ አውጥታ ግን «ግድግዳሽ ላይ ያየሁት ይህን አልነበረም፣ አይደል?» ብቻ አለችኝ፤ ራሴን እንዳልጠራጠር የምታጽናናኝ ትመስላለች። አልነበረም አልኳት። አስተካክዬ አመጣዋለሁ አልኳት። እንዴት እንደማስተካክለው ግን ፍንጭ አልነበረኝም።

ከማተሚያ ቤቱ ጋር ተጣላሁ። ተጣላሁ ማለት እኔ ጮህኩ፣ እሱ «ችግር የለም» አለ። ትክክለኛውን ፋይል ካመጣሽ ደግሜ አትምልሻለሁ አለኝ። ትክክለኛውን ፋይል! ትክክለኛው ፋይል ቢኖርማ መች እዚህ እንደርስ ነበር?

ከዚያ በኋላ ሥራዬ ሁሉ ከዚያ ቢጫ ምልክት ጋር መነታረክ ሆነ። ፊደሉን ወደ ቅርጽ ልለውጠው አልኩ፣ ፊደልነቱ ቀርቶ ተራ መስመር እንዲሆን። ባለቤቱ አልፈቀደም አለኝ። ገጹን ወደ ፎቶ ለወጥኩት፤ ዳር ዳሩን አይጥ የበላው መሰለ። ጥራቱን ከፍ ሳደርገው ፋይሉ ከብዶ የማተሚያ ቤቱ ኮምፒውተር ሊከፍተው ሲታገል ደርቆ ቀረ። በአሮጌው የፕሮግራሙ ዕትም ሞከርኩ፤ ባለቤቱ አልፈቀደም። በአዲሱ ሞከርኩ፤ ያው፣ ግን ምልክቱ አምሮበታል። ከሰው በተዋስኩት ሌላ ፕሮግራም ሞከርኩ፤ ያኛውማ ባሰ፣ ሳይጠይቅም ሳይናገርም ፊደሉን ለውጦት «በሚገባ ተጠናቋል» ይለኛል። እንዲህ ያለ ውሸታም አይቼ አላውቅም። አንድ ቀን ትዕግሥቴ አለቀና ስክሪኑ ላይ «ባለቤቱ እኮ ወንድሜ ነው! አንድ አልጋ ላይ ነው ያደግነው!» ብዬ ጮህኩበት። ቁልፍ ቀራጩ ከታች «እህት፣ የሚከፈት ነገር ካለ እኔ አለሁ» አለኝ። ምስኪን፣ ለመርዳት ነው።

አንተንማ ስንቴ ደወልኩልህ። ኢሜይል ጻፍኩልህ፣ እንዲህ የሚባል አድራሻ የለም ተብሎ ተመለሰ። ቁጥርህን ስደውል የማላውቃት ሴት «የሚደውሉላቸው ደንበኛ» ትለኛለች። ደንበኛዬ አይደለም፣ ወንድሜ ነው!

በመጨረሻ ኮምፒውተር ጠጋኙን ጠራሁ። ምንም ብትነግረው «ዝጊና ክፈቺው» ስለሚል ስሙ እሱው ሆኖ የቀረውን። መጀመሪያ ዘግቶ ከፈተው። ከዚያ ፎንቱን አየና ሳቀ። «ይኼማ ቀላል ነው፤ ፋይሉ ውስጥ አትያያዝ የምትል አንዲት ምልክት ናት ያለችው። የሚሰብራት ፕሮግራም አለኝ። ዓይንሽን ጨፍነሽ እስክትገልጪ ጨርሼልሻለሁ» አለኝ። ፍላሹን ከኪሱ አውጥቷል።

እውነቱን ልንገርህ፣ እጄ ወንበሩን ወደ ኋላ ስቦ ቦታ ሊለቅለት ነበር። እነዚያ ልጆች ዓይኔ ላይ አሉ። ግን አንተም አለህ። ማስታወቂያ ሠሪው ለትንሽ ሥራ መጥቶ ኮምፒውተራችን ላይ ሲቀመጥ ፊደልህን በፍላሽ ገልብጦ እንደወሰደ፣ ለእማዬ የሣልከው ፊደል በሳሙና ማስታወቂያ ላይ ከተማውን ሁሉ እንደሞላው፣ አውቶቡስ ባለፈ ቁጥር ፊትህን እንደምታዞር እኔ አይቻለሁ። ልትጠይቀው ስትሄድ «ፊደል ደግሞ የማን ሆኖ ያውቃል?» ብሎ ከሰው ፊት እንዳሾፈብህ፣ የሚሰማህ ጠፍቶ እንደተመለስክ አውቃለሁ። ተመልሰህ መጥተህ ፊደሉን ቆለፍከው። «ከዚህ ማሽን በቀር የትም አይሄድም» አልከኝና ብሩሽህን ብቻ ይዘህ ወጣህ። ያኔ ልክ ነበርክ። ዛሬም ልክ ነበርክ እላለሁ። ታዲያ እኔ እህትህ ሳልጠይቅህ ብሰብረው ከዚያ ሰውዬ በምን እለያለሁ? ልጆቹ ስለሚያሳዝኑ? እሱም እኮ የራሱ ምክንያት አያጣም።

ጠጋኙን «ተወው» አልኩት። «ምን ሆነሻል? ወንድምሽ አያውቅም እኮ» አለኝ። እኔ አውቃለሁ አልኩት። ትከሻውን ነቅነቅ አድርጎ ሄደ። ሲወጣ ግን ኮምፒውተሩን ጆሮውን አስጠግቶ ሰማውና «ይኼ ሃርድ ዲስክ እየጮኸ ነው፤ ረጅም ዕድሜ አልመኝለትም» ብሎኝ ወጣ። ወደዚህ ነገር እመለሳለሁ።

ብቻዬን ስቀር የተናገርከውን መልሼ አሰብኩት። ከዚህ ማሽን በቀር አይሄድም አልክ እንጂ ከዚህ ማሽን አይታተምም አላልክም። ከእኔ ፕሪንተር ላይ እንደ ድሮው ጥርት ብሎ ይወጣል። እንግዲያው ፋይሉ ለምን ይሄዳል? ወረቀቱ ራሱ ይሂድ! ብርሃን የሚያሳልፈውን ስስ ወረቀት ገዛሁና መጽሐፉን ገጽ በገጽ እዚያ ላይ አተምኩት፤ ማተሚያ ቤቱ ከወረቀቱ ላይ በብርሃን ፕሌት፣ ያን የማተሚያ ሰሌዳ፣ እንዲያወጣበት።

ቀላል ሆኖ እንዳይመስልህ። ያ ወረቀት የፕሪንተሩ ሙቀት ሲነካው ይጠቀለላል። ሲጠቀለል ይቀረቀራል። ሲቀረቀር ሆድ ዕቃውን ከፍቼ በጉጠት ነው የማወጣው። ደህና የወጣውንም ቀለሙ ሳይደርቅ በጥፍሬ ከነካሁት የ«ቤ» ቀለበት ተልጦ ይቀራል፣ ገጹ እንደገና ይጀመራል። እማዬ ወረቀቱን በእጇ እየደረበች በሁለት ካርቶን መካከል ታስተኛልኝ ነበር፤ ለስላሳ እጅ የእሷ ብቻ ነው። አንዱን አንስታ በጣቷ ጫፍ ዳሰሰችውና «የማን ፊደል ነው?» አለችኝ። የሱ ነው አልኳት። አላስለቀሰችኝም፣ ከሌሎቹ ጋር አስተኛችው፤ ከዚያ ወዲያ ግን ሬዲዮኑን ቀንሳ ነው የሠራችው።

ጥቅሉን ታቅፌ አውቶቡስ ላይ ቆሜ ሄድኩ፤ ሰው እንዳይደገፈኝ በክርኔ እየተከላከልኩ። አቶ ችግር የለም ወረቀቱን ሲያይ ፊቱ ተለዋወጠ። በዚህ ዘመን እንዲህ የሚሠራ የለም፣ ፕሌት ክፍሉ ረስቶታል፣ ገጹ ሊንጋደድ ይችላል አለና ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ችግር አለ» አለኝ! በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይሆን አይቀርም። እኔም አጸፋውን መለስኩለት፤ «ችግር የለም» አልኩት። ፕሌት ክፍሉ ውስጥ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። እያንዳንዱ ገጽ ሲወጣ ቀለበቱን፣ ሰረዙን፣ እጁን ሳላይ አላሳለፍኩም። ሠራተኞቹ መጀመሪያ ተማረሩብኝ፣ በኋላ ራሳቸው «ይቺን እያት፣ ትሆናለች?» ይሉኝ ጀመር።

መጽሐፉ ወጣ። እንከን አለው፤ አንዳንዱ ገጽ ትንሽ ያዘነብላል፣ አንድ ቦታ ላይ የገጹ ቁጥር ከዳር ሊወድቅ ነው። አንተ ብታየው ጥርስህን ትነክሳለህ። ፊደሉ ግን ያንተ ነው።

ክፍሉ ድረስ ሄጄ ከኋላ ቆምኩ። መምህርቷ «ጥያቄ»ን እንድትነሳ ስትጠይቃት ልጅቷ አልፈለገችም። ሌላ ልጅ ያንብብ አለች። መምህርቷ ግድ የለም ብላ መጽሐፉን እጇ ላይ አስቀመጠችላት። ልጅቷ እንደ ልማዷ አፍንጫዋ ድረስ አስጠጋችው። ከዚያ ምን እንደሆነች እንጃ፣ ትንሽ አራቀችው። ደግሞ ትንሽ አራቀችው። «አያትየው ብስክሌታቸውን ለልጅ ልጃቸው ሰጡ» አለች። ቀና ብላ «ሰጡ ነው!» ብላ ጮኸች፤ ማንም አልተከራከራትም። ገጹን ጨረሰች፣ የሚቀጥለውን ገለጠች፣ ተቀመጪ ብትባልም ቆማ ቀረች። ከጎኗ ያለው ልጅ ተራው እንዲደርሰው ቀሚሷን ይጎትታል፣ እሷ እቴ! እኔ ያን ጊዜ መስኮቱን ነበር የማየው፣ መስኮቱ ላይ ምንም የሚታይ ነገር ሳይኖር።

ሲወጡ መጥታ ያዘችኝ። ፊደሉን የሠራሁት እኔ እንደሆንኩ ጠየቀችኝ፤ ወንድሜ ነው አልኳት። «እንግዲያው ንገሪው» አለችኝ፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፤ «የ‹ሸ› ሰረዝ ጥሩ ነው። የ‹ኘ› ግን አጥሯል። ‹ነ› እና ‹ኘ› አሁንም ይምታቱብኛል። የ‹ጀ›ንም አይቼ እነግረዋለሁ» አለች። ፊደል አራሚ አገኘሁልህ! መልሱን ከእኔ ትጠብቃለች፤ ትምህርት ቤቱ በሄድኩ ቁጥር «ምን አለ?» ትለኛለች። ቤት ገብቼ አጉልቼ አየሁት። እውነቷን ነው፣ አጥሯል።

አሁን የምጠይቅህን እጠይቅሃለሁ። ሌሎች ትምህርት ቤቶች መጽሐፉን አይተው ፈልገውታል። በወረቀት ብቻ አይደለም፤ ልጆቹ ስክሪን ላይ የፈለጉትን ያህል አጉልተው እንዲያነቡት ፋይሉን ነው የሚጠይቁኝ። ልሰጣቸው አልችልም፤ ከዚህ ክፍል ሲወጣ ፊደልህ ይቀራል፣ ሌላ ነገር ለብሶ ይሄዳል። ያለው ደግሞ በዚህ በአንዱ ኮምፒውተር ላይ ነው፣ እሱም እንደሰማኸው ማቃሰት ጀምሯል። ጠዋት ስከፍተው አንዳንዴ ቶሎ አይነሳም፤ እስኪነሳ እጄን ላዩ ላይ አድርጌ እጠብቃለሁ። አንድ ቀን ካልተነሳ ያ ማስታወቂያ ሠሪ ብቻ ነው ፊደልህን ይዞ የሚቀረው። ይህን ነው የምትፈልገው?

ለሁሉም ክፈተው አልልህም። እንዴት ይሁን የሚለውን አንተ ታውቃለህ፤ ለመጽሐፍ ይፈቀድ፣ ለሳሙና ይከልከል፣ ስምህ ይጻፍበት፣ የፈለግከውን ቃል አስገባ። ብቻ ከሰነድ ጋር እንዲሄድ ፍቀድለት። የ«ኘ»ንም ሰረዝ አርዝማት። ከቻልክ ደግሞ ከዚህኛው ወፈር ያለ ሌላ ሣል፤ መስመሩ ከዚህ የጠነከረ፣ ከፊደል ፊደል ያለው ክፍተት ሰፋ ያለ። ኋላ ያስፈልጋል። አሁን ጀምረህ ቀስ ብለህ ብትሠራው ይደርሳል።

የደብዳቤው ወረቀት ስለበዛ ይቅርታ አድርግልኝ፤ ሹፌሩም «መጽሐፍ ነው እንዴ የምትልኪው?» ብሎ ሳቀብኝ። ባንተው ፊደል ነው ያተምኩት፣ በትልቁ። በእጄ ልጽፍልህ ጀምሬ መስመሩ እየሸሸ አስቸገረኝ።

አንድ ነገር ቀረኝ። ባለፈው እማዬን ዓይን ሐኪም ዘንድ ወስጃት ነበር። ሐኪሟ ጥሩ ሴት ናት፣ አትቸኩልም። እማዬን አይታ ጨርሳ የመድኃኒቱን ስም ጽፋ ሰጠችኝ፣ እኔም ለማንበብ ወደ መብራቱ ጠጋ አልኩ። አየችኝና «እስቲ አንቺም ነይ፣ ቁጭ በይ» አለችኝ። ቁጭ አልኩ። ብዙ መብራት አበራችብኝ፣ ብዙ ነገር አስነበበችኝ። ስትጨርስ እጇን ታጠበችና እህት ወንድም እንዳለኝ ጠየቀችኝ። አንድ ወንድም አለኝ አልኳት። «ደህና እንኳ ቢመስለው፣ ሳይውል ሳያድር መጥቶ ይታይ» አለችኝ። ስለዚህ ታይ። እዚያ የምትታይበት ከሌለ እዚህ ና፣ ሐኪሟ ታውቀናለች።

ለእማዬ መነጽር ታዘዘልኝ ብዬ ነው የነገርኳት። ስንመለስ መንገዱን ሙሉ እጄን ይዛኝ ነበር፤ ሁልጊዜ ክንዴን ነበር የምትይዘው፣ የዚያን ቀን ግን መዳፌን። መሻገሪያው ላይ ስንደርስ «ቆይ፣ መኪና ይሰማኛል» አለችና ወደ ኋላ ሳበችኝ።

ተቆጥቼ ጀመርኩ፣ አሁንም ቁጣዬ አልወጣልኝም፤ ግን ስጽፍልህ ቀለል ብሎኛል። ሹፌሩ መልስህን ይዞ ይመለሳል፤ ባዶ እጁን እንዳትሸኘው። እማዬ ግንባርህን እስማለሁ ትላለች። ከክፉ ነገር ይጠብቅህ፣ እጅህ አይድከም፣ እንጀራህ ይስፋልህ፣ ፈጣሪ በሰላም አገናኝቶ አንድ ላይ ያስቀምጠን። ከሁሉ በላይ ዓይንህን ያቆይልኝ።

በናፍቆት፣
ታናሽ እህትህ